537 ድምፅና አንዲት ወረቀት

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካ ውስጥ የፕሬዚዳንት ምርጫ በደረሰ ቁጥር እኛ ኢትዮጵያውያን በተሰበሰብንበት ቦታ ሁሉ አንድ ክርክር አይቀርም። ቡና ተፈልቶ፣ ክርስትና ተጠርተን፣ አንዳንዴም ለቅሶ ቤት ሳይቀር፣ አንዱ "እኔ የማምንበትን ነው የምመርጠው" ይላል። ሌላው ደግሞ "አንተ የምታምንበትን ስትመርጥ የምትፈራው ሰው ቤተ መንግሥት ይገባልሃል" ይለዋል። ክርክሩ በተቃራኒ ፓርቲዎች ደጋፊዎች መካከል ቢሆን ባልገረመኝ። የሚገርመው አብዛኛውን ጊዜ የሚመረው በአንድ ወገን በቆሙ፣ የሚመኙት ነገር በሚመሳሰል ሰዎች መካከል መሆኑ ነው።

እኔ የታሪክም ሆነ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር አይደለሁም። በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ፤ የዕለት ሥራዬም አንድ ነገር ሲበላሽ ለምን እንደተበላሸ መመርመር ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ግን ሙያዬ ሳይሆን ዕዳዬ ነው። ከሩብ ምዕተ ዓመት በፊት እንዲህ ባለ ክርክር ውስጥ ገብቼ አንድ ታላቅ ሰው በሰው ፊት አሳፍሬአለሁ። ያን ዕለት ያቀረብኩት ቁጥር ትክክል ነበር፤ ፍርዴ ግን ትክክል አልነበረም። ይህን ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ታምፓ፣ 2000

በ2000 ፍሎሪዳ ውስጥ በምትገኘው በታምፓ ከተማ ከአጎቴ ጋር እየኖርኩ ምህንድስና እማር ነበር። አጎቴ በአንድ ሆቴል የጥገና ሠራተኛ ነበር። የቅርብ ጓደኛው ታክሲ ይነዱ ነበር፤ እኔ "ጋሼ" ነበር የምላቸው፤ እዚህም ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ሁለቱ በደርግ ጊዜ በእግራቸው ሱዳን ገብተው ገዳሪፍ የስደተኞች መጠለያ የተዋወቁ ናቸው። አንድ ብርድ ልብስ ተጋርተው ተኝተዋል። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ "ይህን ሰው እፈልጋለሁ" ብለው ድምፅ የሰጡትም እዚሁ አሜሪካ በ1996 ነበር። ያኔ ሁለቱም የመረጡት ቢል ክሊንተንን ነው።

በ2000 ግን ተለያዩ። አጎቴ የክሊንተን ምክትል ለነበሩት ለአል ጎር ቆመ። ጋሼ በአረንጓዴው ፓርቲ ስም ለተወዳደሩት ለራልፍ ኔደር ቆሙ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችን ቡና ሲፈላ የሚሰማው ይኸው ነበር።

የጋሼ ምክንያት የዋዛ አልነበረም። ክሊንተን በነሐሴ 1996 የፈረሙት የማኅበራዊ ድጎማ ሕግ ከዚያ በኋላ የሚገቡ ሕጋዊ ስደተኞችን ከብዙ ዕርዳታ አግዶ ነበር። ጋሼ እናታቸውን ያመጡት በ1998 ነው። አሮጊቷ ዜጋ እስኪሆኑ ድረስ ለአረጋውያን የሚሰጠውን ድጎማ እንደማያገኙ ተነገራቸው። ስለዚህ ጋሼ ሌሊትም መንዳት ጀመሩ። "ይህን የፈረመው ሪፐብሊካን ነው እንዴ?" ይሉ ነበር። "ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም።"

ለኔደር የነበራቸው አክብሮት ደግሞ የሾፌር አክብሮት ነበር። ኔደር የሊባኖስ ስደተኞች ልጅ ናቸው። በ1965 የአሜሪካ መኪና አምራቾችን የሚያጋልጥ መጽሐፍ ጻፉ። ጄኔራል ሞተርስ የግል መርማሪ ቀጥሮ ካስከተላቸው በኋላ የኩባንያው ፕሬዚዳንት በ1966 በሴኔት ፊት ይቅርታ ለመጠየቅ ተገደዱ። በዚያው ዓመት የተሽከርካሪ ደህንነት ሕግ ወጣ። ጋሼ ቀበቶአቸውን ባሰሩ ቁጥር "ይህ የኔደር ሥራ ነው" ይሉ ነበር።

አጎቴም ምክንያት ነበረው። "ቀጣዩ ፕሬዚዳንት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞችን ይሾማል፤ እነሱ ዕድሜ ልካቸውን ይቀመጣሉ" ይል ነበር። "ኔደር እንደማያሸንፍ አንተም ታውቃለህ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። እኛ ግን ድሩን ለሁለት እየቀደድን ነው። በኋላ ከሁለት ያጣ ጎመን እንዳትሆን።" ጋሼም ይመልሱ ነበር፦ "ኔደር የሚፈልገው 5 በመቶ ነው። 5 በመቶ ካገኘ ፓርቲው በሚቀጥለው ምርጫ የመንግሥት ገንዘብ ያገኛል። ዛሬ ያልተዘራ መቼ ይበቅላል?"

እንዲህ ያለው ክርክር በእኛ ቤት ብቻ የነበረ እንዳይመስላችሁ። በዚያ መከር በመላው አሜሪካ ባልና ሚስት፣ አስተማሪና ተማሪ፣ የሠራተኛ ማኅበር አባላት እርስ በርስ ተከራክረውበታል። አንዳንዶችማ ድምፅ እስከመለዋወጥ ደርሰው ነበር። ቴክሳስ ያለ የጎር ደጋፊ ድምፁ እዚያ ለውጥ ስለማያመጣ ለኔደር ይሰጣል፤ በምትኩ ፍሎሪዳ ያለ የኔደር ደጋፊ ለጎር ይሰጣል። ልብ በሉ፣ ይህ የተደረገው በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል በእምነት ብቻ ነው። የካሊፎርኒያ ባለሥልጣን እንዲህ ያለውን ልውውጥ እከሳለሁ ብለው ቢያስፈራሩም የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2007 ልውውጡ በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ ነው ሲል ፈርዷል።

ሰላሳ ስድስት ቀን

ኖቬምበር 7 ምሽት ላይ ቴሌቪዥኖቹ ፍሎሪዳን ለጎር ሰጡ። ጥቂት ቆይተው መልሰው ወሰዱ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለቡሽ ሰጡ፤ እሱንም መልሰው ወሰዱ። በማግስቱ የሁለቱ ልዩነት 1,784 ሆኖ ተገኘ። በማሽን እንደገና ሲቆጠር 327 ደረሰ። ከባሕር ማዶ የመጡት የፖስታ ድምፆች ሲጨመሩ 930 ሆነ። በመጨረሻ ኖቬምበር 26 ቀን በይፋ የጸደቀው ልዩነት 537 ነው። ወደ ስድስት ሚሊዮን ሰው ድምፅ በሰጠበት ግዛት 537!

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዲሴምበር 12 ቀን 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ቆጠራው እንዲቆም ወሰነ። ጎር በማግስቱ ሽንፈታቸውን ተቀበሉ። በመላ አገሪቱ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ድምፅ ቢመሩም በኤሌክቶራል ድምፅ 271 ለ 266 ተሸነፉ። የእኛ ሰው አንድ ነገር ያስታውስ ይሆናል። ኢትዮጵያና ኤርትራ የአልጀርሱን የሰላም ስምምነት የፈረሙት በዚያው በዲሴምበር 12 ቀን ነው። በዚያ ምሽት ቤታችን ውስጥ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛው ዝግጅት ስለ አልጀርስ ያወራል፤ ቴሌቪዥኑ ስለ ፍሎሪዳ ያወራል፤ አጎቴ መሐል ቆሞ የትኛውን እንደሚያዳምጥ ጠፍቶት ነበር።

የፍርድ ቤቱ ውሳኔ በወጣ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጋሼ እንደ ወትሯቸው ለቡና መጡ። ሌሎች አምስት ስድስት ሰዎችም ነበሩ። እኔ ዜጋ አልነበርኩም፤ አልመረጥኩም፤ ማንም ሐሳቤን አልጠየቀኝም። ነገር ግን ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሒሳብ ደግሞ አውቃለሁ። ከደብተሬ ወረቀት ቀድጄ ሦስት ቁጥር ጻፍኩ። 537፤ በፍሎሪዳ ለኔደር የተሰጠው ድምፅ 97,488፤ ሁለቱ ሲካፈሉ 181። ወረቀቱን ከረከቦቱ አጠገብ አስቀመጥኩና "ጋሼ፣ ከእርስዎ ዓይነት 181 ሰዎች መካከል አንዱ ብቻ ለጎር ቢሰጥ ኖሮ ቡሽ አይገቡም ነበር። እንኳን ደስ ያለዎት" አልኳቸው።

ሰዎቹ ሳቁ። አጎቴም ሳቀ። ጋሼ ወረቀቱን አንስተው ለረጅም ጊዜ አዩት፤ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ሦስተኛውን ሳይጠጡ ተነሱ። ከዚያ በኋላ ቤታችን አልመጡም። የኢራቅ ጦርነት በ2003 ሲጀመር አጎቴ ስልክ ደውሎ "ያው የመረጥከው ነው" አላቸው። ገዳሪፍ ላይ ብርድ ልብስ የተጋሩ ሰዎች ከዚያ ወዲህ በቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ ራሳቸውን ጎንበስ አድርገው ይተላለፉ ነበር።

የ1844 ጎረቤቶች

ከዓመታት በኋላ የአሜሪካን ታሪክ ሳነብ የእኛን ቤት ክርክር በ1844 አገኘሁት። በዚያ ዓመት የዊግ ፓርቲው ሄንሪ ክሌይና የዴሞክራቱ ጄምስ ፖልክ ተወዳደሩ። ሁለቱም ባሪያ አሳዳሪዎች ነበሩ። ልዩነታቸው ፖልክ ቴክሳስን ከአሜሪካ ጋር መቀላቀል ይፈልጋሉ፤ ይህም ባርነት የሚፈቀድበትን መሬት ያሰፋል። ክሌይ ግን ቶሎ መቀላቀሉን ይቃወማሉ። ሦስተኛው ጄምስ በርኒ የሚባሉ፣ ቀድሞ ባሪያ አሳዳሪ የነበሩና በኋላ ባሮቻቸውን ነፃ ያወጡ ሰው ነበሩ፤ የቆሙትም ባርነትን ለማጥፋት ለተመሠረተው ለሊበርቲ ፓርቲ ነበር።

እስቲ በኒው ዮርክ ግዛት በአንዲት የገበሬ መንደር ባርነትን የሚጠሉ ሁለት ጎረቤታሞችን አስቡ። አንደኛው "ክሌይን እንምረጥ፤ ባሪያ አሳዳሪ ቢሆንም ቴክሳስን ያስቀርልናል" ይላል። ሁለተኛው "ባርነትን ለመቃወም ብዬ ባሪያ አሳዳሪ ልምረጥ እንዴ?" ይላል። የአጎቴና የጋሼ ክርክር ቃል በቃል ይኸው ነው።

ውጤቱስ? ፖልክ ኒው ዮርክን በ5,106 ድምፅ አሸነፉ። በርኒ በዚያው ግዛት 15,812 ድምፅ አግኝተው ነበር። የኒው ዮርክ 36 ኤሌክቶራል ድምፅ ወደ ክሌይ ቢሄድ ፕሬዚዳንቱ ክሌይ ይሆኑ ነበር። ቴክሳስ በ1845 ባርነት የተፈቀደባት ግዛት ሆና ገባች፤ በ1846 ከሜክሲኮ ጋር ጦርነት ተጀመረ። የዊግ ጋዜጦች የሊበርቲ ሰዎችን "ይህን ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ" እያሉ ወቀሱ። እነሱም ያቀረቡት ወረቀት እንደ እኔው ነበር።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ አጎቴ ረታ ማለት ነው። ነገር ግን አላበቃም። ከሊበርቲ ፓርቲ ሰዎች ብዙዎቹ በ1848 ፍሪ ሶይል የተባለውን ፓርቲ፣ በ1854 ደግሞ ሪፐብሊካን ፓርቲን ካቋቋሙት መካከል ሆኑ። የሊበርቲ ሰው የነበሩት ሳልመን ቼዝ የአብርሃም ሊንከን የገንዘብ ሚኒስትር፣ ቀጥሎም የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ለመሆን በቁ። በ1865 ባርነት በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተከለከለ። እንግዲህ በ1844 የባከነ የተባለው ድምፅ ዘር ነበር ወይስ ጥፋት? በእኔ አስተያየት ሁለቱንም ነበር። ሜክሲኮ ላይ ለሞተው ወታደር ጥፋት ነው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ነፃ ለወጣው ሰው ዘር ነው። በምርጫው ዋዜማ የቆሙት ሁለቱ ጎረቤታሞች ግን ይህን ሊያውቁ አይችሉም ነበር። ያላቸው ነገር ግምትና ሕሊና ብቻ ነው።

የወረቀቴ ስህተት

አሁን ወደ ወረቀቴ ልመለስ። አንድ ድልድይ ሲወድቅ የመጨረሻው መኪና ሾፌር ላይ ጥፋቱን የሚያላክክ መሐንዲስ ሥራውን አያውቅም። ድልድዩ ከዚያ በፊት በስንት ቦታ ተሰንጥቆ እንደነበር መጠየቅ አለበት። እኔ በ2000 አልጠየቅኩም።

በፍሎሪዳ የፕሬዚዳንት ዕጩዎቹ አሥር ነበሩ። ከሁለቱ ዋነኞች ሌላ የቀሩት ስምንቱ እያንዳንዳቸው ከ537 በላይ ድምፅ አግኝተዋል። ከሁሉም ያነሰ ያገኙት የሶሻሊስት ሠራተኞች ፓርቲው ዕጩ እንኳ 562 ነበራቸው። ለ562ቱ ሰዎች ግን ማንም ወረቀት አልጻፈም።

በፓልም ቢች አውራጃ የድምፅ መስጫው እንደ ቢራቢሮ ክንፍ በሁለት ገጽ ተዘርግቶ ቀዳዳዎቹ መሐል ላይ ነበሩ። ጎር በግራ በኩል ሁለተኛ ስም ሆነው ሳለ የእሳቸው ቀዳዳ ግን ሦስተኛው ነበር፤ ሁለተኛው በቀኝ በኩል ያሉት የፓትሪክ ቡካናን ነው። የዴሞክራቶች ምሽግ በሆነው በዚያ አውራጃ ወግ አጥባቂው ቡካናን 3,407 ድምፅ አገኙ። ከ19 ሺህ በላይ ሰዎች ደግሞ ሁለት ቀዳዳ በመብሳታቸው ድምፃቸው ተጣለ። በዱቫል አውራጃ የዕጩዎቹ ስም በሁለት የተለያዩ ገጾች ስለታተመ በየገጹ አንድ አንድ የበሱ ከ20 ሺህ በላይ ድምፆች ወደቁ፤ ብዙዎቹ ጥቁሮች ከሚኖሩባቸው ሰፈሮች ነበሩ። በጠቅላላው በግዛቱ ወደ 175 ሺህ የሚጠጉ የድምፅ መስጫዎች ለፕሬዚዳንት ሳይቆጠሩ ቀርተዋል። ካርዱ ላይ ተንጠልጥላ የቀረችው ቁራጭ ወረቀት እንደ አፍሪካዊቷ አገር "ቻድ" ትባል ነበር፤ ዳኞችና ጠበቆች እሷን በማጉያ መነጽር ሲመረምሩ ዓለም አይቷል።

የኔደር መራጮች ሁሉ የጎር ነበሩ ማለቴም ስህተት ነበር። ሁለት የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዎች የድምፅ መስጫ ካርዶቹን መርምረው በ2007 ባሳተሙት ጥናት መሠረት፣ ከፍሎሪዳ የኔደር መራጮች ቢያንስ 40 በመቶ ያህሉ ኔደር ባይኖሩ ቡሽን ይመርጡ ነበር። እርግጥ የቀሩት ብቻ 537ን ለመሻገር ከበቂ በላይ ናቸው፤ አጎቴ በዚህ አልተሳሳተም። ነገር ግን አሥር ምክንያት እያንዳንዱ ብቻውን ውጤቱን ሊቀይር በሚችልበት ቦታ፣ አንዱን ብቻ መርጦ "አንተ ነህ" ማለት ምርመራ አይደለም። ቂም ነው።

ከሁሉም በላይ ያሳፈረኝን ልንገራችሁ። የኔደርን መጽሐፍ ያነበብኩት ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው። ዋናው ነጥቡ ይህ ነው፦ አደጋ በደረሰ ቁጥር ኩባንያዎቹ "ሾፌሩ ነው" ይላሉ፤ ኔደር ደግሞ "መኪናውን ማን ነው የነደፈው?" ብለው ጠየቁ። ሰው ይሳሳታል፤ ጥሩ ንድፍ የሰውን ስህተት የሚችል ነው። እኔ ይህንኑ መርህ በየቀኑ እየሠራሁበት ቡና ቤት ስገባ ግን ሾፌሩን ወቀስኩ። ያውም እውነተኛውን ሾፌር!

ንድፉ የቱ ጋ ነው የተበላሸው? አንድ ሰው አንድ ምልክት ብቻ የሚያደርግበትና ብልጫ ያገኘ ሁሉ ግማሽ ባይሞላም የሚያሸንፍበት ሥርዓት፣ ከሁለት በላይ ዕጩ ሲኖር የሚቀራረቡ ሰዎችን እርስ በርስ ያጋጫል። በ1912 ሪፐብሊካኖች በታፍትና በቴዎዶር ሩዝቬልት ሲከፈሉ ዊልሰን በ42 በመቶ ገደማ ገቡ። በ1992 ሮስ ፔሮ ወደ 19 በመቶ አግኝተው አንድም ኤሌክቶራል ድምፅ አልደረሳቸውም። ይህ የመራጩ ጠባይ ጉዳይ አይደለም። መፍትሔውን የሞከሩም አሉ። የሜይን ግዛት መራጮች በ2016 በሕዝበ ውሳኔ ዕጩዎችን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያሉ በቅደም ተከተል መምረጥን ተቀበሉ፤ በ2020 ለፕሬዚዳንትም ሠርተውበታል። በአላስካም በ2024 ለፕሬዚዳንት ሥራ ላይ ውሏል። እንዲህ ያለ ካርድ በ2000 ታምፓ ቢኖር ጋሼ ኔደርን አንደኛ፣ ጎርን ሁለተኛ ብለው ይጽፉ ነበር፤ አጎቴም የሚከራከርበት ባጣ።

ይህ የአሜሪካ ጣጣ ብቻ አይምሰለን። የኢትዮጵያም ምርጫ በየምርጫ ክልሉ ብልጫ ያገኘው ብቻ የሚያሸንፍበት ነው። ከ2005 ምርጫ በኋላ "ፓርላማ ይገባ፣ አይገባ" በሚለው ጉዳይ በዋሽንግተንም በለንደንም ስንት ወዳጅ እንደተለያየ አንባቢ ያስታውሳል። ሁለቱም ወገኖች የሚመኙት አንድ ነገር ነበር። የተከራከሩት በመንገዱ ላይ ነው፤ የተጣሉት ግን በሰውየው ላይ ነው። ያኔም አንዳንዶቻችን ወረቀት ይዘን ነበር።

ክርክሩ ይቅር አልልም። ሰው ስለ ዕጩው ካልተከራከረ ምርጫ ምን ዋጋ አለው? የምለው፣ ክርክሩ ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ይጧጧፍ፤ ከዚያ በኋላ ግን ወቀሳው ወደ ጎረቤት ሳይሆን ወደ አሠራሩ ይዙር። አሠራር ይሻሻላል። የተሰበረ ወዳጅነት ግን እንደገና አይቆጠርም።

አጎቴ በ2011 አረፈ። ጋሼ ሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ነበሩ። ዛሬ ሰባውን አልፈዋል፤ ሌላ ግዛት ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ይህን ጽሑፍ ከመጀመሬ በፊት ደውዬ ስለዚያች ወረቀት ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ሳቁና "ስሜን አትጥራ እንጂ ጻፈው" አሉኝ። ከዚያ ዝም ብለው ቆዩና "ለመሆኑ በምርጫው ቀን የአጎትህ መኪና ተበላሽታ እንደነበር ነግሮሃል?" ሲሉ ጠየቁኝ። አልነገረኝም አልኳቸው።

"እኔ ነኝ በታክሲ ወስጄ ያስመረጥኩት" አሉ። "መንገዱን ሙሉ ስንጨቃጨቅ ሄድን። እሱ ለጎር ሰጠ፤ እኔም ምርጫ ጣቢያዬ ሄጄ ለኔደር ሰጠሁ። ስመለስ ደግሞ ሥራ ቦታው አደረስኩት።"

ያ ቁጥር ወረቀቴ ላይ አልነበረም።

ቸር ይግጠመን።